በውስጡ ማቀዝቀዣ ስላለው የሙቀት ካሜራ፤ አስመጪ ከመዋዋሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባ

በንግድ ሥራ ላይ ከሚደርሱት ኪሳራዎች ብዙውን ጊዜ የሚከብደው ከገበያ ዋጋ መውደቅ የሚመጣው ሳይሆን፣ የዕቃውን ጠባይ ሳያውቁ ከመግዛት የሚመጣው ነው። ቡና የሚነግድ ሰው ቡናው እርጥበት ሲነካው ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ጨርቅ የሚያስመጣውም ጠንካራውን ከደካማው በእጁ ዳስሶ ይለያል። በአሁኑ ዘመን ግን በእጅ ተዳስሰው በዓይን ታይተው የማይለዩ ዕቃዎች በነጋዴው ካታሎግ ውስጥ ገብተዋል። ከእነዚህም አንዱ፣ በጨለማና በሩቅ ያለውን ነገር በሙቀቱ ብቻ ለይቶ የሚያሳየው፣ በውስጡ ማቀዝቀዣ ያለው የኢንፍራሬድ ካሜራ ሞጁል ነው።

የዚህ ዕቃ ደንበኞች ጥቂቶች ናቸው። እነርሱም ወደቦች፣ የአውሮፕላን ማረፊያዎች፣ የነዳጅ ኩባንያዎች፣ የምርምር ተቋሞች፣ የድንበርና የደን ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ዋጋው ግን ለአንዱ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ በጨረታ ለማቅረብ የሚያስብ አስመጪ በአንድ ውል የዓመት ትርፉን ሊያገኝ ወይም የብዙ ዓመት ጥሪቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ዕቃው ምን እንደ ሆነ፣ ስለምን እንደሚቀዘቅዝ፣ ርቀቱና ዕድሜው በምን እንደሚለካ፣ የሽያጩም ፈቃድ ከማን እንደሚገኝ ከዚህ ቀጥሎ በዝርዝር ይገለጻል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሙቀት እንዴት በዓይን ይታያል

በ1800 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው የከዋክብት ተመራማሪ ዊልያም ሄርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አኖረ። ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ለዓይን ምንም በማይታይበት ስፍራ የተቀመጠው ቴርሞሜትር በቀለሞቹ ውስጥ ካሉት ይልቅ ሞቆ ተገኘ። ከዚህም የተነሣ ዓይን የማያየው፣ ነገር ግን እንደ ብርሃን የሚጓዝ ጨረር መኖሩ ታወቀ። ይህ ጨረር ኢንፍራሬድ ወይም ታሕተ ቀይ ጨረር ይባላል።

ሰውም ሆነ ከብት፣ ድንጋይም ሆነ የመኪና ሞተር፣ ሁሉም ይህን ጨረር ሳያቋርጥ ይለቃል፤ በረዶ እንኳ ሳይቀር ይለቃል። የሙቀታቸው መጠን በተለያየ ቍጥር የሚለቁትም ጨረር ስለሚለያይ፣ ጨረሩን ተቀብሎ ወደ ሥዕል የሚለውጥ መሣሪያ ያለ ጨረቃና ያለ ፋኖስ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ያለውን ያሳያል። ይሁን እንጂ በአየር ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዚህ ጨረር ብዙውን ይውጡታል። ለሙቀት ሥዕል የሚያገለግሉት ዋናዎቹ የአየር መስኮቶች ሁለት ናቸው፤ ይኸውም የሞገዱ ርዝመት ከ3 እስከ 5 ማይክሮን፣ እንዲሁም ከ8 እስከ 14 ማይክሮን የሆነው ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺሕኛ እጅ ነው። ነጋዴው በካታሎግ ላይ እነዚህን ቍጥሮች ሲያገኝ፣ ካሜራው በየትኛው መስኮት እንደሚመለከት የሚናገሩ መሆናቸውን ይረዳል።

ተራ መስተዋት ይህን ጨረር አያሳልፍም። ስለዚህ የሙቀት ካሜራ ሌንስ በአብዛኛው የሚሠራው ከጀርማኒየም ወይም ከሲሊኮን ነው፤ ለዓይን ሲታይም እንደ ተወለወለ ብረት ያብረቀርቃል እንጂ ብርሃን አያሳልፍም። ከዚሁ የተነሣ ካሜራው በመስኮት መስተዋት ወይም በግድግዳ ውስጥ አልፎ አያይም፤ ያያል ብሎ የሚያስተዋውቅ ሻጭ ቢኖር ሊታመን አይገባውም። ጥቅጥቅ ያለ ጉምና ከባድ ዝናብም የካሜራውን ርቀት እጅግ ያሳጥሩታል።

ማቀዝቀዝ ስለምን አስፈለገ

በገበያ ላይ ያሉት የሙቀት ካሜራዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ማቀዝቀዣ የሌላቸው ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ያለው ማይክሮቦሎሜትር የተባለው ጨረር ተቀባይ፣ በ1980ዎቹ ዓመታት ሃኒዌል በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በተደረገው ምርምር የተስፋፋ ነው። ጨረሩ ሲያርፍበት በጥቂቱ ይሞቃል፤ በመሞቁም ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍበት መጠን ይለወጣል፤ ለውጡም ተለክቶ ሥዕል ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ዋጋው የረከሰ፣ ክብደቱ የቀለለና ዕድሜው የረዘመ ስለ ሆነ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የጋለ ሽቦ ይፈልጉበታል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም በጢስ ውስጥ ይመለከቱበታል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ገዢ ሊጠብቅ የሚችለውም ይኸው ዓይነት ነው።

ሁለተኞቹ ማቀዝቀዣ ያላቸው ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ያለው ዲቴክተር የተባለው ጨረር ተቀባይ የሚሠራው በመሞቅ ሳይሆን፣ ጨረሩ በቀጥታ ኤሌክትሮኖችን ሲያስነሣበት እነርሱን በመቍጠር ነው። የሚሠራበትም ነገር አብዛኛውን ጊዜ የኢንዲየምና የአንቲመኒ ውሕድ፣ ወይም የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ1959 ያስታወቁት የሜርኩሪ፣ የካድሚየምና የቴሉሪየም ውሕድ ነው። እጅግ ፈጣን ከመሆኑም በላይ፣ ከ1 ዲግሪ አርባኛ ወይም ሃምሳኛ እጅ የሚያህለውን የሙቀት ልዩነት ለመለየት ይችላል።

ነገር ግን ይህ ዲቴክተር እንደ ክፍሉ አየር ሞቆ ከተተወ፣ የራሱ ሙቀት ኤሌክትሮኖቹን ያስነሣና ከሩቅ የሚመጣውን ደካማ ጨረር ይሸፍነዋል። በሌሊት በሩቅ የቆመውን ሰው ለማየት የሚሻ ዘበኛ ፋኖሱን ከዓይኑ ፊት ቢይዝ፣ የሚያየው ፋኖሱን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ዲቴክተሩን ማቀዝቀዝ ፋኖሱን ከዓይን ፊት እንደ ማራቅ ነው።

የሚያስፈልገውም ቅዝቃዜ የቤት ማቀዝቀዣ ከሚሰጠው ጋር አይወዳደርም። በዚህ ሥራ የቈዩት ዲቴክተሮች እስከ 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ድረስ፣ ማለት ፈሳሽ ናይትሮጅን በሚፈላበት መጠን ያህል ይቀዘቅዛሉ። በቅርብ ዓመታት የወጡት አንዳንድ ዓይነቶች ግን ከዜሮ በታች ከ123 እስከ 153 ዲግሪ በሚሆን ቅዝቃዜ ለመሥራት ስለሚችሉ፣ ማቀዝቀዣቸው አነስ ያለ፣ የሚፈጁት ኤሌክትሪክ ጥቂት፣ ዕድሜያቸውም የረዘመ ሆኗል። ስለዚህ ሁለት ሞጁሎች በካታሎግ ላይ ቢመሳሰሉም፣ የሚሠሩበት የቅዝቃዜ መጠን ከተለያየ ዋጋቸውም አገልግሎታቸውም አንድ አይሆንም።

ሞጁሉ ከምን ከምን ይሠራል

የሞጁሉ የመጀመሪያ ክፍል ዲቴክተሩ የሚቀመጥበት ዲዋር የተባለው ዕቃ ነው። ይህም በ1892 ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጄምስ ዲዋር የፈለሰፈው፣ በሁለት ግድግዳዎቹ መካከል አየር የሌለበት ዕቃ ነው። በየቤቱ ሻይና ቡና ትኩስ እንደ ሆነ የሚቈይበት ፔርሙስ የተገኘው ከዚሁ ፈጠራ ነው። ፔርሙሱ ሙቀቱ ከውስጥ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የካሜራው ዲዋር ደግሞ ሙቀቱ ከውጭ እንዳይገባ ይከለክላል። የተሰነጠቀ ፔርሙስ ሻይ እንደማያቈይ ሁሉ፣ አየር የገባበት ዲዋርም ቅዝቃዜ አያቈይም።

ሁለተኛው ክፍል ማቀዝቀዣው ነው። ስኮትላንዳዊው ቄስ ሮበርት ስተርሊንግ በ1816 የፈጠረው ሞተር፣ ሙቀት ሲሰጠው ኃይል የሚያወጣ ነበር። ይኸው ሞተር ተገላብጦ ኃይል ቢሰጠው ቅዝቃዜ ያወጣል። በኔዘርላንድስ አገር በአይንድሆቨን ከተማ የነበረው የፊሊፕስ ኩባንያ በ1950ዎቹ ዓመታት በዚህ ዘዴ አየርን ወደ ፈሳሽነት የሚለውጥ መሣሪያ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። በዛሬው ሞጁል ውስጥ ያለው አነስተኛ ማቀዝቀዣም ሂሊየም ጋዝን በፒስቶን እያመቀና እያስፋፋ፣ ከዲቴክተሩ ላይ ሙቀቱን እየሳበ ወደ ውጭ ያወጣል። ሦስተኛው ክፍል ከዲቴክተሩ የሚመጣውን ምልክት ተቀብሎ ሥዕል የሚያደርገው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ነው።

ሞጁሉ እንደ ተከፈተ ወዲያው ሥዕል አይሰጥም። ዲቴክተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንደ ዓይነቱ ጥቂት ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም እስከ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በሞቃት ስፍራ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ይህን የማያውቅ ገዢ ዕቃው የተበላሸ መስሎት ከነጋዴው ጋር ሊጣላ ስለሚችል፣ ነገሩን አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል።

ይህን ሥራ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በዓለም ላይ ብዙ አይደሉም። ከታወቁት መካከል በፈረንሳይ ሊንሬድ፣ በጀርመን ኤ.አይ.ኤም.፣ በብሪታንያ ሊዮናርዶ፣ በእስራኤል ኤስ.ሲ.ዲ.፣ በአሜሪካ ቴሌዳይን ፍሊር፣ በቻይናም በዉሃን ከተማ ያለው ጋይድ ኢንፍራሬድ ይገኛሉ። ሌሎች ብዙ ሻጮች ዲቴክተሩን ከእንደዚህ ያለ ፋብሪካ ገዝተው፣ የራሳቸውን ሌንስና ሣጥን ጨምረው በራሳቸው ስም ይሸጣሉ። አስመጪው በሣጥኑ ላይ ያለውን ስም ብቻ ሳይሆን፣ በውስጡ ያለው ዲቴክተርና ማቀዝቀዣ የማን ሥራ እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት።

ርቀትን በሒሳብ መመርመር

በሻጮች ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቍጥር የርቀት ቍጥር ነው። «23 ኪሎ ሜትር ድረስ ያያል» ይባላል። «ያያል» ማለት ግን ምን ማለት ነው? ጆን ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1958 ባቀረበው ጥናት ማየትን በደረጃ ከፋፈለው። እርሱን ተከትሎ በዛሬው የንግድ ልማድ ሦስት ደረጃዎች ይሠራባቸዋል። አንደኛው አንድ ነገር መኖሩን ማወቅ ነው። ሁለተኛው ነገሩ ሰው ይሁን መኪና ወይም ከብት መለየት ነው። ሦስተኛው ምን ዓይነት መኪና እንደ ሆነ እስከ ማወቅ መድረስ ነው። ለመጀመሪያው በዕቃው ስፋት ላይ 2፣ ለሁለተኛው 6፣ ለሦስተኛው 12 ፒክስል ማረፍ አለበት ይባላል። ይህም ተመልካቹ ከመቶ ሃምሳ ጊዜ የሚሳካለት ልክ እንጂ፣ ሁልጊዜ የሚሳካለት ማለት አይደለም።

ለምሳሌ አንድ ሞጁል 640 በ512 ፒክስል፣ የእያንዳንዱ ፒክስል ስፋት 15 ማይክሮን፣ የሌንሱም የትኩረት ርዝመት 300 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። 15 ማይክሮን ለ300 ሚሊ ሜትር ሲካፈል፣ አንዱ ፒክስል በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 5 ሳንቲ ሜትር፣ በ10 ኪሎ ሜትር ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል ማለት ነው። በዚህ ሥራ ለተሽከርካሪ የተለመደው መለኪያ 2 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ነው። በሒሳቡ መሠረት ይህ ተሽከርካሪ መኖሩ የሚታወቀው እስከ 23 ኪሎ ሜትር፣ ተሽከርካሪ መሆኑ የሚለየው እስከ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ዓይነቱ የሚታወቀው ግን 4 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ነው። ሦስቱም ቍጥሮች እውነት ናቸው፤ ዕቃውም አንድ ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ የተጠየቀው ሦስተኛው ሆኖ ሳለ በመጀመሪያው ቍጥር ተማምኖ የተዋዋለ ነጋዴ ግን፣ ዕቃው በሙከራ ቀን ተመላሽ ይሆንበታል።

ከዚህም በላይ ይህ ሒሳብ ለጠራ አየር ነው። ደግሞም ሩቅ የሚያይ ሌንስ በጠባብ ቀዳዳ እንደ መመልከት ነው፤ በተጠቀሰው ምሳሌ በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚታየው 320 ሜትር ብቻ ነው። ገዢው ሰፊ ቦታ ለመጠበቅ የሚሻ ከሆነ፣ የሚያጠብና የሚያሰፋ ሌንስና ካሜራውን የሚያዞር መሣሪያ ጭምር ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ለሩቅ እይታ ማቀዝቀዣ ያለው ካሜራ የተመረጠበት ምክንያት በዚሁ ሌንስ ላይ ይገኛል። የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ለሌንሱ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ኤፍ ቍጥር ይባላል። ማቀዝቀዣ የሌለው ካሜራ ስሜቱ ደካማ ስለ ሆነ፣ ኤፍ ቍጥሩ 1 ወይም ለ1 የቀረበ ሌንስ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢደረግለት ስፋቱም 300 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጀርማኒየም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ግን ኤፍ ቍጥሩ 4 በሆነ ሌንስ ስለሚሠራ፣ 75 ሚሊ ሜትር ስፋት ይበቃዋል። ከዚህ የተነሣ በአጭር ርቀት የሚረክሰው ማቀዝቀዣ የሌለው ካሜራ፣ ርቀቱ እየረዘመ ሲሄድ በሌንሱ ክብደትና ዋጋ ይሸነፋል። ስለሆነም ደንበኛው የሚፈልገው ርቀት አጭር ከሆነ፣ ነጋዴው ማቀዝቀዣ የሌለውን ቢያቀርብለት ለሁለቱም ይጠቅማል።

የአየሩም ጠባይ መታሰብ አለበት። እንደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ባለ ሞቃትና እርጥበት በበዛበት አገር፣ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን የሚመለከተው ካሜራ በረዥም ርቀት ላይ ብልጫ አለው። ጢስና አቧራ በሚበዛበት ስፍራ ደግሞ ከ8 ማይክሮን በላይ የሚመለከተው ይሻላል። ለነዳጅ ኩባንያዎችም ቢሆን፣ ሚቴን የተባለው ጋዝ በ3.3 ማይክሮን አካባቢ ያለውን ጨረር ስለሚውጥ፣ ለዚሁ የተለየ ማጣሪያ ያለው የቀዘቀዘ ካሜራ ለዓይን የማይታየውን የጋዝ ፍሳሽ እንደ ጢስ አድርጎ ያሳያል።

ዕድሜው የሚለካው በሰዓት ነው

ነጋዴው ከሁሉ አስበልጦ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር ይህ ነው። ሞጁሉ ካሜራ ይባል እንጂ፣ በውስጡ ካሜራው በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ያለ ዕረፍት የሚንቀሳቀስ ሞተር አለ። ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ያረጃል። በሽክርክሪት የሚሠራው ማቀዝቀዣ ኩሽኔታው ይበላል፤ ሂሊየሙም ቀስ በቀስ ይሾልካል። በቀጥታ ወዲያና ወዲህ የሚሠራው ዓይነት የሚፋተግ ነገር ስለሚያንሰው ዕድሜው ይረዝማል፤ ዋጋውም እንዲሁ ይጨምራል።

የማቀዝቀዣው ዕድሜ 10,000 ሰዓት ነው ቢባል፣ ቍጥሩ ለጆሮ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን ወደብ የሚጠብቅ ካሜራ ቀንና ሌሊት አይጠፋም። 10,000 ሰዓት ለ24 ሲካፈል 416 ቀን ነው፤ ይኸውም አንድ ዓመት ከሃምሳ ቀን ያህል ነው። በቀን 8 ሰዓት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ያህል ይቈያል። 25,000 ሰዓት የተባለለት ደግሞ ያለ ማቋረጥ ሲሠራ ሁለት ዓመት ከአሥር ወር ያህል ያገለግላል። እነዚህም ቍጥሮች የብዙ ማቀዝቀዣዎች አማካይ ናቸው እንጂ፣ ለእያንዳንዱ የተሰጠ ዋስትና አይደሉም።

አሁን ለምሳሌ ሁለት ሻጮች ፕሮፎርማ ላኩ እንበል። የአንደኛው ዋጋ 40,000 ዶላር ሆኖ ማቀዝቀዣው 10,000 ሰዓት የሚቈይ ነው። የሁለተኛው ዋጋ 55,000 ዶላር ሆኖ ማቀዝቀዣው 25,000 ሰዓት የሚቈይ ነው። ዋጋውን ብቻ ያየ ሰው የመጀመሪያውን ይገዛል። በሰዓት ሲታሰብ ግን የመጀመሪያው 4 ዶላር፣ ሁለተኛው 2 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው። ለደንበኛው የሁለት ዓመት ዋስትና የሰጠ አስመጪ የመጀመሪያውን ገዝቶ ከሆነ፣ ዋስትናው ሳያልቅ የማቀዝቀዣውን ለውጥ ከራሱ ኪስ ሊከፍል ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ማቀዝቀዣውን መለወጥ ይቻላል፤ ሆኖም በሬዲዮ ጠጋኝ ወይም በሰዓት ሠሪ እጅ የሚሆን አይደለም። ሂሊየሙ በንጽሕና መሞላት፣ ዲዋሩም አየር አልባነቱ መፈተሽ ስላለበት፣ ሞጁሉ ወደ ፋብሪካ ወይም ፋብሪካው ወደ ፈቀደለት ድርጅት ተመልሶ ይላካል። በመጋዘን ተቀምጦ የቈየ ሞጁልም እንደ አዲስ አይቈጠርም፤ ሳይሠራ እንኳ ሂሊየሙና የዲዋሩ ባዶነት ከጊዜ ጋር ሊጓደሉ ይችላሉ። ስለዚህ ይህ ዕቃ ዋጋው እስኪወደድ ተብሎ የሚከማች አይደለም።

የፈቃድ ነገር

የሙቀት ካሜራ ለሰላማዊ ሥራም ለጦርነትም ስለሚያገለግል፣ አምራች አገሮች ያለ ፈቃድ እንዲወጣ አይተዉትም። በ1996 ሥራ የጀመረው የቫሰናር ስምምነት አባል አገሮቹ የሚቈጣጠሯቸውን ዕቃዎች በዝርዝር ይዟል፤ ቀዝቅዘው የሚሠሩት ዲቴክተሮችና ካሜራዎችም በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። ከአፍሪካ አገሮች በስምምነቱ የገባችው ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። የአውሮፓ ኅብረት በ2021 ባወጣው ደንብ፣ አሜሪካም በንግድና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮቿ በኩል ይህንኑ ቍጥጥር ይፈጽማሉ። ሻጩ ፈቃድ ለመጠየቅ የመጨረሻውን ተጠቃሚ ስምና የሥራውን ዓላማ የሚገልጽ የተፈረመ የምስክር ወረቀት ከገዢው ይፈልጋል። በዚህ ወረቀት ላይ ከተጻፈው ሌላ ለሆነ ሰው ወይም ወደ ሌላ አገር ዕቃውን መሸጥ፣ ፈቃድ ሰጪው መንግሥት ካልፈቀደ በቀር የተከለከለ ነው።

ከቻይና የሚገዛም ቢሆን ከዚህ ነጻ ነው ማለት አይቻልም። የቻይና መንግሥት ከኦገስት 1 ቀን 2023 ጀምሮ ጀርማኒየም፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ደግሞ ለሰው አልባ አውሮፕላን የሚሆኑ አንዳንድ የኢንፍራሬድ መሣሪያዎች ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ አዟል። ከዚህም የተነሣ የሌንሱ ጥሬ ዕቃ ራሱ በፈቃድ የሚንቀሳቀስ ሆኗል።

ደንቡ ለታላላቅ ኩባንያዎች እንኳ የማይራራ መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ አለ። ፍሊር ሲስተምስ የተባለው የሙቀት ካሜራ አምራች ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጋር በ2018 በተስማማበት ጉዳይ፣ የወጪ ንግድ ቍጥጥር ደንብን በመተላለፍ ስለ ቀረበበት ክስ የ30 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተወስኖበታል። ደንቡም ከፖለቲካው ጋር ይለዋወጣል፤ ይኸው ሚኒስቴር በኖቬምበር 2021 ለኢትዮጵያ የጦርና የጸጥታ ኃይሎች የሚላኩ የጦር ዕቃዎች ፈቃድ እንዳያገኙ የሚያዝ ለውጥ በደንቡ ላይ አድርጎ ነበር። ስለዚህ አስመጪው ባለፈው ዓመት ሌላ ሰው አስመጥቷል በሚል ወሬ ሳይመራ፣ በውሉ ዕለት የጸናውን ደንብ ከሻጩ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል። በገዛ አገሩም ዕቃው ጉምሩክ ከመድረሱ በፊት የሚመለከተውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈቃድ መያዝ አለበት።

ከመዋዋል በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡ

ከላይ የተገለጸውን ለሥራ እንዲመች አሳጥሮ ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ ፈቃዱ ከገንዘቡ ይቅደም። ፈቃድ ሳይገኝ ሌተር ኦፍ ክሬዲት የከፈተ ነጋዴ ገንዘቡ ታስሮ ይቈያል። የውል ማስከበሪያ ያስያዘ ደግሞ፣ ሻጩ ፈቃድ ተከልክሎ ዕቃው ቢቀር ማስከበሪያው ሊወረስበት ይችላል። ስለዚህ ከሻጩም ከገዢውም ጋር በሚደረገው ውል፣ ፈቃድ ቢከለከል ማን ምን እንደሚሆን አንድ አንቀጽ ይግባ።

ሁለተኛ፣ የማቀዝቀዣው ዓይነትና የሚጠበቅበት ሰዓት፣ ሰዓቱም በምን ያህል የአየር ሙቀት እንደ ተለካ በጽሑፍ ይሰጥ። ዕቃው ሲረከብ በሰዓት ቈጣሪው ላይ ያለው ቍጥር ይመዝገብ፤ አዲስ ተብሎ የተሸጠ ዕቃ የብዙ ሰዓት ሥራ ተመዝግቦበት መገኘት የለበትም።

ሦስተኛ፣ ርቀቱ ከሦስቱ ደረጃዎች በየትኛው እንደ ተሰላ ይጠየቅ። የፒክስሉን ስፋት፣ የሌንሱን የትኩረት ርዝመትና ኤፍ ቍጥሩን ይዞ ከላይ የታየውን ሒሳብ በወረቀት ላይ መሥራት ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም።

አራተኛ፣ የማይሠሩ ፒክስሎች ቍጥር ይታወቅ። 640 በ512 የሆነ ዲቴክተር 327,680 ፒክስል አለው። ከመቶ 99.5 የሚሠራ ነው ከተባለ፣ 1,638 ያህል የሞቱ ፒክስሎች ሊኖሩበት ይችላሉ ማለት ነው። በሥዕሉ መካከል በአንድ ስፍራ መከማቸታቸውና በየዳሩ መበተናቸው አንድ ስላልሆነ፣ ልኩ በውሉ ይጻፍ።

አምስተኛ፣ ጥገናው የት፣ በማን፣ በስንት ጊዜና በስንት ዋጋ እንደሚደረግ አስቀድሞ ይወሰን። ለጥገና ወደ ውጭ የሚላክ ሞጁል የሚመለስ ዕቃ መሆኑ በጉምሩክ ሳይመዘገብ ከወጣ፣ ሲመለስ እንደ አዲስ ዕቃ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። ሲላክም ሲመለስም የአምራቹ አገር ፈቃድ ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ ደንበኛው ያለ ካሜራ የሚቈይበት ጊዜ በወራት ሊቈጠር እንደሚችል ይነገረው።

ስድስተኛ፣ ሙከራው በፋብሪካውና በርክክቡ ስፍራ ይደረግ፤ ከዋጋውም ጥቂቱ የርክክቡ ሙከራ እስኪያልፍ ይቈይ። በሙከራው ቀን ካሜራው ቢያንስ ለብዙ ሰዓታት ሳይጠፋ ይሥራ፤ የማቀዝቀዣ ድካም በአሥር ደቂቃ አይገለጥም።

እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ለመመለስ የሚያመነታ ሻጭ ካለ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ከእርሱ ጋር አለመዋዋል ይሻላል። በግልጽ የሚመልስ ሻጭ የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ፣ መልሶቹ ከውሉ ጋር ተያይዘው ይፈረሙ። ከዚያ በኋላ ደንበኛው የካሜራው ሥዕል የጠፋበት ዕለት ወደ አስመጪው ቢሮ ሲመጣ፣ ዕዳው የማን እንደ ሆነ የሚወሰነው በእነዚያ ወረቀቶች ነው።